ብልጫ የሚሠራው ከአውድማ በኋላ ነው

(ጎንደር ላይ ለነጋዴዎች፣ ለላኪዎችና ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በንግድ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ረጅም ነው። ድርጅቶችና አካባቢዎች በዓለም አቀፍ ንግድ የተወዳዳሪነት ብልጫ እንዴት እንደሚገነቡ አስረዳ ብለውኛል። ለአንድ ምሽት ይበዛል። እኔ ወደ አንድ ጥያቄ አጥብቤዋለሁ፤ ዓለም የሚፈልገው ዕቃ እኛ ዘንድ እያለ፣ ትልቁ ገንዘብ ለምን ሌላ ሰው ኪስ ይገባል? የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ኋላ እንዳንደናገር።

ከከተማችን ልነሣ። ጎንደር ወርቅ አይወጣባትም። ቢሆንም አፄ ፋሲል በ1636 ከከተሙባት በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የሰሜኑ ንግድ መገናኛ ሆና ኖራለች። አንዱ መንገድ ወደ ሱዳኑ ስናር፣ ሌላው ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ከደቡብ የመጣው ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በዚህ ያልፋል። ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጦ አልፏል፤ የከተማችንን የንግድ ታሪክ ስናወሳ ይህን መዝለል አይገባም። እንግዲህ ብልጫዋ ከየት መጣ? አንደኛው ነገር ጥሩ ነገር የሚፈልግ ገዢ፣ ማለትም ቤተ መንግሥቱ፣ እዚሁ መኖሩ ነው። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ግንበኛው፣ ሰዓሊው ያንን ገዢ ለማስደሰት ሲል እጁን ያሻሽላል። ሌላው አዲስ ዓለም በሚባለው የከተማዋ የሙስሊሞች ሠፈር የነበሩት ነጋዴዎች ናቸው። በመንገዱ ሁሉ ዘመድና የሃይማኖት ወንድም ስለነበራቸው ቃላቸው ከተማ አቋርጦ ይሠራ ነበር።

ታዲያ አፄ ቴዎድሮስ ፊታቸውን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ አዞሩ፤ በ1866 ከተማዋ ተዘረፈች፤ በ1888 ደርቡሾች አቃጠሏት። በ1917 ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰና የአገሩ ንግድ ወደ መሐል ሄደ። ግንቡ አለ፤ ቱሪስትም እሱን ሊያይ ይመጣል። ሲራራ ነጋዴው ግን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ፤ ተማሪዎቹ ይህን ክፍል በፈተና ጽፋችሁታል፤ እኔ በአጭሩ አልፈዋለሁ። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 ፖርቱጋል ወይን፣ እንግሊዝ ጨርቅ ቢሠሩና ቢለዋወጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ ብሎ በሒሳብ አሳየ። ፖርቱጋል ሁለቱንም በርካሽ መሥራት ብትችል እንኳ ያው ነው አለ። ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ የሚነግረን ባለን ነገር ዛሬ ምን ብንሸጥ እንደሚሻለን ነው። ነገ ምን መሸጥ እንደምንችል ከእሱ አናገኝም። ሪካርዶን ብቻ ይዞ የሚጓዝ አገር እስከ ዕለተ ምጽአት ጥሬ ሰሊጥ ሲጭን ይኖራል።

አሜሪካዊው የንግድ ትምህርት ፕሮፌሰር ማይክል ፖርተር በ1990 ጥያቄውን ገለበጠው። ጣልያን ውስጥ ሳሱዎሎ የምትባል ትንሽ ከተማና አካባቢዋ ለምን የዓለምን የወለል ሴራሚክ ገበያ ያዙ? ሆላንድ ፀሐይ እንደ ልብ ሳይወጣባት ለምን የአበባ ንግድ ንግሥት ሆነች? መልሱ አፈሩ አይደለም። የሠለጠነ ሰውና መሠረተ ልማት፣ አስቸጋሪ የአገር ውስጥ ገዢ፣ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ደጋፊ ሥራዎች፣ እርስ በርሱ የሚፎካከር ብዙ ድርጅት፤ እነዚህ ሲገጥሙ አካባቢው ራሱ ትምህርት ቤት ይሆናል። የሆላንድ የአበባ ጨረታ ከተማ በሆነችው አልስሜር ላይ አበባው ብቻ አይደለም ያለው። ጨረታው፣ ማቀዝቀዣው፣ አዳዲስ ዝርያ የሚያወጣው፣ በሌሊት ጭኖ ጧት የሚያደርሰው ሁሉ አንድ ሠፈር ናቸው። የእኛ የጽጌረዳ እርሻዎችም በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰቡት በዋናነት ቦሌ ስላለ ነው።

ከአራቱ ግን አንዱ ላይ ልቆይ፤ እሱም አስቸጋሪ ገዢ የሚለው ነው።

ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ተራ ሂዱና አንዲት እናት ስትገዛ ቆማችሁ እዩ። እፍኝ ታነሣለች። በመዳፏ ታሽታለች፣ እፍ ትላለች፣ ፍሬውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ታያለች። ሁለት ሦስት ፍሬ ጥርሷ ላይ ታደርግና «አሸዋ አለው» ትላለች። ሻጩ ይምላል። «ማኛ ነው ትለኛለህ፣ ሰርገኛ ቀላቅለህበታል» ትልና ወደ ሚቀጥለው ጆንያ ታልፋለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ የሰዎች ጆሮ እዚያው አለ። ያ ሻጭ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀላቅሎ አይመጣም፤ ከመጣም ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ጤፋችን በደረጃ የተለየ፣ ስም የወጣለት፣ ዋጋው በዓይነት የሚለያይ እህል የሆነው በመንግሥት መመሪያ አይደለም። በእነዚህ እናቶች ነው።

ሰሊጥንስ ማን እንዲህ ይመረምረዋል? ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከሑመራ ቆላ የሚወጣው ነጩ ሰሊጥ በዓለም የታወቀ ነው። ለዘይት ብቻ ሳይሆን ለዳቦና ለጣፋጭ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተፈጨ ሰሊጥ ለሚሠራው፣ ጣሂና ለሚባለው ልውስ ይፈለጋል። በቤታችን ግን እንደ ኑግና እንደ ተልባ ቦታ የለውም። አውቆ የሚበላው ሰው ያለው ቻይና፣ እስራኤል፣ ቱርክ፣ ጃፓን ነው። ያ ሰው ገበያችን መጥቶ «አሸዋ አለው» ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ ከዋጋው ይቀንሳል፤ ወይም በሚቀጥለው ዓመት ከሱዳን፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንዛኒያ ይገዛል። ተግሣጹ አይሰማንም፤ ስለዚህም አንማርበትም። የእኛ ችግር አንድ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ካፒታል አነሰን፣ መንግሥት አላገዘንም የሚለው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

እስቲ መጋዘን ውስጥ እንግባ። በር ላይ ናሙና ወሳጁ ጫፉ የሾለ ቱቦ ይዞ ቆሟል። ጆንያውን ከላይ ይወጋል፣ ከወገቡ ይወጋል፣ ከሥር ይወጋል። ለምን ሦስት ቦታ? ከላይ የተበጠረ፣ ከሥር ደግሞ አፈርና ገለባ የተሞላ ጆንያ ስንት ጊዜ አጋጥሞታል! ያወጣውን ሰብስቦ ይመዝናል፣ ቆሻሻውን ለቅሞ ለብቻ ይመዝናል። የውጭ ኮንትራት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ንጽህና 99 በመቶ የሚል ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 190 ኩንታል ያህል ሰሊጥ ይይዛል እንበል። የተፈቀደው አንድ በመቶ ራሱ 190 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ንጽህናው 97 ከሆነ ደግሞ ከአምስት ኩንታል ተኩል በላይ አፈርና ገለባ ከቆላ ጭነን፣ የመኪና ኪራይ ከፍለን፣ በመርከብ ቀይ ባሕርን አሻግረነዋል ማለት ነው። ገዢው ደግሞ ለአፈሩ አይከፍልም፤ አፈሩን ለማስወጣት ያወጣውን ጭምር ከእኛ ይቆርጣል።

ይህ በዓይን የሚታየው ነው። በዓይን የማይታየው ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ሰሊጥ ሳልሞኔላ በተባለ፣ ሆድ በሚያሳምም ተሕዋስ ምክንያት ጠበቅ ያለ ፍተሻ ከሚያደርግባቸው ምርቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ሳልሞኔላ ከየት ይመጣል? ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ተገልብጦ ይራገፋል። ሲራገፍ ሸራ ላይ ነው ወይስ ባዶ መሬት ላይ? ከብት አልፎበታል? ወፍ አርፎበታል? ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ የሚታጠብበት ውሃ አለው? የዓለም አቀፍ ንግድ ብልጫ የምንለው ትልቅ ነገር እዚህ ላይ አንድ ሸራና አንድ በርሜል ንጹሕ ውሃ ነው። ጆንያውም እንዲሁ። በ2008 ጃፓን በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋን ክፉኛ ስትቀንስ፣ ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው የታሸገበት ጆንያ ላይ ነበር።

የተፎካካሪ ስሕተት እንዴት በር እንደሚከፍትም ልንገራችሁ። በ2020 መስከረም ላይ ከሕንድ ወደ አውሮፓ በገባ ሰሊጥ ውስጥ ኤትሊን ኦክሳይድ የተባለ፣ አውሮፓ ለምግብ የከለከለችው ኬሚካል ተገኘ። ጋዙ የሚጠቅመው ሳልሞኔላን ጨምሮ ተሕዋስያንን ለመግደል ነው። ከየሱቁ ብስኩትና ዳቦ ሳይቀር ተሰበሰበ፤ የሕንድ ሰሊጥ ያለ ምርመራ ወረቀት አይገባም ተባለ። ያን ጊዜ ንጹሕና በእንፋሎት የታከመ ሰሊጥ፣ ከምርመራ ውጤቱ ጋር፣ ላቅርብ የሚል ሰው ዋጋውን ራሱ ይቆርጥ ነበር። እኛ በዚያው መኸር ምን ላይ እንደነበርን ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም።

ስለ ምርት ገበያም የምለው አለኝ፤ ሲወቀስ ስለምሰማ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ግብይት ሲጀምር ትልቅ ነገር ሠርቷል። ሻጭ ገንዘቡን በማግሥቱ ያገኛል፤ ከዚያ በፊት አቅራቢው ዱቤ ሰጥቶ ወራት ሲመላለስ የነበረ ነው። ደረጃ አወጣ፣ ዋጋን በአደባባይ አሳየ። ነገር ግን ሰሊጥ በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል የገበሬው ስም እዚያው ጠፋ። ሸራ አንጥፎ ያራገፈው ሰውና መሬት ላይ ያራገፈው ሰው አንድ ደረጃ ካገኙ አንድ ዋጋ ይቀበላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሸራውን ማን ይገዛል? የጣሂና ፋብሪካ ግን የሚፈልገው በትክክል ያንን ልዩነት ነው፤ ከየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ እንደመጣ የሚታወቅ ሰሊጥ።

ላኪዎቻችንን ደግሞ ልንካ፤ አትቀየሙኝ። ለብዙ ዓመት የሰሊጥ ዋጋ አገር ውስጥ ከውጭው ይበልጥ ነበር። ውድ ገዝቶ ርካሽ መሸጥ እብደት ይመስላል። ግን ላኪው የሚፈልገው ሰሊጡን ሳይሆን ዶላሩን ነው፤ ኪሳራውን በዚያ ዶላር ባስገባው ብረት ወይም መለዋወጫ አውጥቶታል። ለግለሰቡ ብልህነት ነው፤ ለአካባቢው ጥፋት ነው። ሰሊጡ የሚያተርፈው ነገር ካልሆነ ማን ማበጠሪያ ያሻሽላል? ማን ገዢውን ለአሥር ዓመት ይንከባከባል? ከዚህም የባሰ፣ ኮንትራት ከተፈረመ በኋላ ዋጋ ሲወጣ «አልጭንም» ማለት ልማድ ሆነ። ውጭ ያለ ገዢ ይህን አይረሳም። ከኢትዮጵያ ሲገዛ ለዚያ ሥጋት ብሎ ዋጋ ቀንሶ ነው የሚጀምረው፤ ታማኙ ላኪ በከሃዲው ዕዳ ይከፍላል። በ2024 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በኪሳራ የመላክ ምክንያቱ ተዳክሟል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ሰሊጥ ራሱ ማትረፍ አለበት፤ በእኔ አስተያየት ለጎንደር ነጋዴ ይህ ከመጣለት ዕድል ሁሉ የተሻለው ነው።

እንችላለን ወይ? እዚህ ከተማ ላይ አንድ ጊዜ ተችሏል። በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ሐኪም አልነበረም፤ ሐኪም ለማሠልጠን ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋል። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የመረጠው መንገድ ዝነኛ ሆስፒታል መኮረጅ አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) የሚባሉ ባለሙያዎችን አሠለጠነ፤ በቡድን አድርጎም በየወረዳው ጤና ጣቢያ አወረዳቸው፤ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ውሃ ያስጠብቃሉ፣ ያዋልዳሉ። ድህነቱና የሐኪም እጥረቱ አዲስ አሠራር አስወለደ። ዛሬ በአገራችን ስለ ሕዝብ ጤና ሲነሣ ጎንደር ይጠራል፤ ተማሪ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አካባቢ ብልጫ የሚያገኘው አንዳንዴ ካለው ሀብት ሳይሆን ካስጨነቀው ነገር ነው። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተሕዋስያን የሚመረምር፣ ምግብ የሚመረምር ምሁር አለው። ቆላው ደግሞ ሳልሞኔላ አስጨንቆታል። ሁለቱ የሚራራቁት በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው። ነጋዴዎች ተዋጥተው የሚያሠሩት፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተዳድረው፣ ውጤቱን ውጭ ያለ ገዢ የሚቀበለው ላቦራቶሪ ለምን እዚህ አይሆንም? ናሙናን በየጊዜው ውጭ ልኮ መልስ መጠበቅ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልበል፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እስራኤል ውስጥም አሜሪካም የጣሂና ማሰሮ አንሥታችሁ ብታነቡ «ከሑመራ ሰሊጥ የተሠራ» የሚል ታገኛላችሁ። ምግብ አብሳዮች በስም ይጠሩታል። ስሙ የቆላው ነው፤ ማሰሮው ላይ ያጻፈውና ልዩነቱን የሚበላው ግን ፈጭቶ ያሸገው ነው። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀች። ተቃውሞ ተነሣ፤ ከስታርባክስ ጋር የተደረገው ክርክር ዓለም ሁሉ የሰማው ሆነ፤ በ2007 በስምምነት አለቀ። ስለ ጤፍም ሆላንድ ውስጥ የተያዘው ፓተንት በ2018 ሔግ ባለ ፍርድ ቤት ተሽሯል። ስለዚህ ስምን ማስከበር ይቻላል። ነገር ግን አደራ፤ ከስሙ በፊት ቁጥጥሩ ይቅደም። ከየትም የመጣ ሰሊጥ ቀላቅለን የቆላውን ስም ብንለጥፍበት፣ ያስመዘገብነው ስም የራሳችን መክሰሻ ይሆናል።

ጣሂናውን ራሳችን እንሥራ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። መሥራት ይቻላል፤ መላጥ፣ መቁላት፣ መፍጨት ነው። ግን ማሽኑ ከባዱ ነገር አይደለም። ማሰሮው፣ የመብራቱ አለመቆራረጥ፣ የሱፐርማርኬቱ ፈተና፣ የሦስት ወር ዱቤ፤ እነዚህ ናቸው የሚጥሉት። በእኔ ግምት መጀመሪያ ለጥቂት ጣሂና ሠሪዎች ንጹሕና ምንጩ የታወቀ ሰሊጥ ለዓመታት በታማኝነት ያቀረበ ድርጅት፣ ከገዢው ራሱ መቁላቱንና መፍጨቱን ይማራል። ወዲያው ወደ ማሰሮ የሚሮጥ ግን ብድሩን ይዞ ይቀመጣል።

ቱሪዝምን ሳላነሣ ባልፍ ትወቅሱኛላችሁ። የስሜን ተራሮች በ1978፣ ግንቡ በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ የጥምቀት በዓል በ2019 ተጨምሯል። እንዲህ ያለ ሀብት ጎን ለጎን ያለው ከተማ ጥቂት ነው። ሰላም ሲሆን ሥራው ይመለሳል፤ እስከዚያው ብዙ ማውራት ጥቅም የለውም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላካትት።

አንድ አባት፣ የቆላ እርሻ ያላቸው፣ «ልጄ፣ ያልኸው ሁሉ መልካም ነው። መንገዱስ? መኪናችን ሲታገት፣ ሾፌር ሲያዝ ስለ ንጽህና ማን ያስባል?» አሉኝ። አባቴ፣ እውነትዎን ነው አልኳቸው። ሰላም የሌለበት መንገድ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ የተጫነ ቀረጥ ነው፤ የሱዳን ጦርነትም ከ2023 ወዲህ የመተማን የድንበር በር አጥብቧል። ይህን ነጋዴ ብቻውን አይፈታውም። ሆኖም የኮንትራት ክህደቱ፣ የጆንያው ሥር አፈር፣ ሸራ አለማንጠፉ ከጦርነቱ በፊትም ነበሩ። መንገዱ ሲከፈት እነሱ ተፈትተው ካልጠበቁን፣ የሚከፈተው መንገድ አፈር ማጓጓዣ ነው የሚሆነው።

ሌላው ጥያቄ ከአንድ ተመራቂ ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ እኔ መሬትም ካፒታልም የለኝም። ከየት ልጀምር?» አለኝ።

መሬት የማይጠይቅ ሥራ አለ አልኩት። ሚዛን፣ ወንፊት፣ የእርጥበት መለኪያ፣ የናሙና ቱቦ፣ ማሸጊያና መዝገብ ያዝ። አራት አምስት ጓደኛ ሰብስብ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሰሊጥ ሲራገፍ ከአቅራቢው ጋር ውረድ። ጆንያውን ቁጠር፣ ለእያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ስጥ፤ የማን ማሳ እንደሆነ፣ መቼ እንደተራገፈ፣ ሸራ ላይ ይሁን መሬት ላይ ጻፍ። ሲጫን ናሙና አውጥተህ ለሦስት ክፈልና አሽግ፤ አንዱ ለሻጭ፣ አንዱ ለገዢ፣ ሦስተኛው አንተ ዘንድ። ወደብ ላይ ክርክር ቢነሣ የሚከፈተው ያንተ ነው። ለማንም አታዳላ፤ አንድ ጊዜ ካዳላህ ሥራው አለቀ። ክፍያህን በኩንታል አድርገው፤ ትንሽ ይሁን። በመጀመሪያው መኸር ብዙ አታገኝም። ፈቃደኛ ይሆናሉ ብዬ የማስባቸው ሁለት አቅራቢዎች አሉ፤ አገናኝሃለሁ፤ ስትወጣ ስልክህን ስጠኝ።